ስልክ የማያነሳው ደላላ

ሰልሳቢል የግቢውን በር ስታንኳኳ ዓመለወርቅ በረንዳው ላይ ቆማ አንሶላ እያጣጠፈች ነበር። ግንቦት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ስትከፍት አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ከኋላዋ ደግሞ ቀጠን ያለ ጎልማሳ ቆሞ አገኘች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ ቤት ይሸጣል ሲሉ ሰምተን ነው» አለች ወጣቷ። «ሰልሳቢል እባላለሁ። እሱ ባለቤቴ ነው፣ ፈሪድ። ገበያው ጀርባ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለን።»

«ደላላ ነው የላካችሁ?»

«ኧረ ማንም አልላከን። እዚህ ታች ያሉት ጎረቤትዎ ናቸው የነገሩን።»

ዓመለወርቅ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ቤቱ ለሽያጭ ከቀረበ አምስት ወር አልፎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሊያየው የመጣው ሰው ሦስት አይሞላም፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ አንድም ሰው ደጇን አልረገጠም።

አስገብታ አራቱንም ክፍል አሳየቻቸው። ፈሪድ ብዙ አይናገርም። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ የክረምት ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ ጠየቀ፣ ቀና ብሎ የጣሪያውን ዝገት አየ። ሰልሳቢል ግን ከኋላ ካሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ፊት ቆማ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ የተኛውን ደመና እያየች «ልብስ ማስጫው እዚህ ጋ ይሆናል» ስትል ዓመለወርቅ ነገሩ እንዳለቀ ገባት። ዋጋውን ስትነግራቸው ተያዩ እንጂ አልደነገጡም።

«ያለነው በኪራይ ነው» አለ ፈሪድ። «አከራያችን እስከ ሰኔ መግቢያ ልቀቁ ብለውናል። በአርባ ምንጭ መውጫ ሌላ ቤት አይተናል፤ ይሄኛው ግን ለመስጊዱም ለሱቁም ይቀርበናል። በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ቁርጡን ከነገሩን ያኛውን እንተወዋለን።»

«እነግራችኋለሁ» አለች።

ሸኝታቸው ተመለሰች። ቤቱ የራሷ ቢሆንም ሸጦ መገላገል አትችልም። እጇን ያሰረ ወረቀት አለ።

ዓመለወርቅ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ታይፒስት፣ በኋላ ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልጅ አልወለዱም። የቀረቻት ዲምቱ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ፀደንያ ብቻ ናት። ፀደንያ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አምና መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ እንደቆመች ወደቀች፤ ነፍሷ ተረፈ፣ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት። ዓመለወርቅ ወዳለችበት ሶዶ ነይ ብትባል «ያስተማርኳቸው ልጆች በየደጃፌ የሚያልፉበትን ትቼ የትም አልሄድም» ብላ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ዓመለወርቅ በየሳምንቱ ትመላለሳለች፤ ሄዳ ታጥባታለች፣ አንሶላዋን ቀይራ የቆሸሸውን ይዛ ትመለሳለች። በመካከሉ ያሉትን ቀናት ጎረቤቶች እየተፈራረቁ ያግዟታል፤ እነሱም ሰለቹ። ስለዚህ የሶዶውን ቤት ሸጣ እህቷ ግቢ ውስጥ ደረጃ የሌለው፣ ተሽከርካሪ ወንበር በበሩ የሚያስገባ ቤት ልትሠራና አብራት ልትኖር ቆረጠች።

አሻሻጩን የመረጠችው ራሷ ናት። ሚልክያስ ይባላል፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ ክፍል ቢሮ የቤትና የቦታ ድለላ ይሠራል። አባቱ ነፍሱን ይማረውና ጩማ፣ የመሥሪያ ቤቷ ተላላኪ ነበር። ዓመለወርቅ ታይፕ ያደረገችውን ደብዳቤ ጩማ ለሃያ ዓመት በየቢሮው አድርሷል፤ አንድም ቀን ሳያስፈርም ተመልሶ አያውቅም። የእሱ ልጅ ነው ብላ አመነች።

ኅዳር ሃያ ቀን የተፈራረሙት ውል አጭር ነው። አራተኛው አንቀጽ የቤቱ ባለቤት ቤቱን በራሷም ሆነ በሌላ ሰው በኩል መሸጥ እንደማትችል ይናገራል። ሰባተኛው ደግሞ ውሉ ለስድስት ወር የሚጸና ሆኖ፣ ከማብቂያው አሥራ አምስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማቋረጫ ለአሻሻጩ ካልደረሰው ለሌላ ስድስት ወር እንደታደሰ እንደሚቆጠር ይላል። ስትፈርም አንብባዋለች። የሌላ ሰው ውል ቢሆን በቀይ ታሰምርበት ነበር፤ በራሷ ጊዜ ግን «የጩማ ልጅ ነው» ብላ አለፈችው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ ቆጠረች። ማብቂያው ግንቦት ሃያ። አሥራ አምስት ሲቀነስ ግንቦት አምስት። ማለትም ከነገ ወዲያ።

ከውሉም የባሰ ነገር ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሚልክያስ መጥቶ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ቤቱን ሊገዛ እንደፈለገና ዋናውን የይዞታ ካርታ በዓይኑ ካላየ እንደማያምን ነገራት። «ለአንድ ቀን ብቻ ነው እትዬ፣ ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ።» ሰጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ ካርታዋንም እሱንም አላየችም። መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ይልክላት ነበር፤ ቀጥሎ መልእክቱም ቀረ። ስትደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። በዚያ ላይ ሰዉ የሚያወራው ሌላ ነው፤ በሐሰተኛ ውክልና ቤቱ የተሸጠበት ሰው ታሪክ በየሰርጉና በየለቅሶው ይነሳል። ዓመለወርቅ የማታውቀው ሰው በሯን ባንኳኳ ቁጥር «ቤቴን ልረከብ መጣሁ» የሚላት ይመስላት ጀምሯል።

በማግስቱ በጠዋት ወደ መናኸሪያ ወረደች። የሚልክያስ ቢሮ ተቆልፏል። ቁልፉ ላይ አቧራ አለ፤ በበሩ ሥር የገባ ወረቀት ግማሹ ወደ ውጭ ቀርቶ በዝናብ ርሷል። ከጎኑ ቦልቴ የሚባል ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት አለው።

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አልከፈተም» አላት ቦልቴ። «አንዳንዴ ይደውልልኛል፣ የፈለገኝ ሰው አለ ወይ ብሎ። እርስዎ እንደመጡ ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ሦስቴ።»

«ይደውልልሃል?»

«ይደውላል።»

«ስልክህን አውሰኝ።»

ቦልቴ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቁጥሩን ደውሎ ሰጣት። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሳ።

«አቤት ቦልቴ፣ ሰላም ነው?» አለ የሚልክያስ ድምፅ። ከበስተኋላው ከብት ይጮሃል።

 ከታኅሣሥ ጀምሮ ስንት ሌሊት ስታዘጋጀው የከረመችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ሚልክያስ፣ እኔ ነኝ። ዓመለወርቅ» አለች።

ከብቱ ጮኸ።  ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ስትሞክር ዝግ ነው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቧ ጥግ ሰበብ ትፈልግለት ነበር፤ ታሞ ይሆናል፣ ስልኩ ተሰርቆ ይሆናል ትል ነበር። አሁን የቀረላት ሰበብ የለም። ፊቷ ጋለ። ቦልቴ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

«የት ነው ያለው?» አለችው።

«እኔ እንደነገርኩዎት እንዳይሉ እንጂ… በዴሳ ነው። የሚስቱ ቤተሰብ እዚያ ናቸው። አሁን የከብት ድለላ ይዟል። ነገ ገበያ ስለሆነ አይጠፋም።»

ዓመለወርቅ ኮምፒውተሩን ጠየቀችውና ራሷ ተቀምጣ ደብዳቤውን ጻፈች። ጉዳዩ፦ የቤት ማሻሻጥ ውል ማቋረጥን ይመለከታል። ኅዳር ሃያ ቀን የተፈራረምነው ውል በአንቀጽ ሰባት መሠረት ከማብቂያው በኋላ የማይቀጥል መሆኑን፤ በእጅዎ የሚገኘውን ዋና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ዕለት እንዲያስረክቡ አስታውቃለሁ። «እርስዎ» ብላ ጻፈችለት፤ ደብዳቤ ነዋ። በሦስት ቅጂ አሳተመች። ከታች ለተቀባዩ ፊርማ፣ ለቀኑና ለሁለት ምስክሮች ቦታ ተወች። ልትወጣ ስትል ቆም ብላ ሁለት ባዶ ወረቀትም ጨመረች።

ግንቦት አምስት ጠዋት ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆየ። ዓመለወርቅ ማኅደሩን ደረቷ ላይ እንደያዘች መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ረዳቱ «በዴሳ! በዴሳ! አንድ ሰው!» እያለ በጮኸ ቁጥር ሰዓቷን ታያለች። መንገድ ላይ ዝናቡ ጣለ። በዴሳ ስትወርድ ገበያው ደርቶ፣ ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ሆኖ ነበር።

የእህል ተራውን አቋርጣ ወደ ከብት ተራው ወረደች። ሰዉ ዣንጥላዋን እያየ መንገድ ይለቅላታል፤ በሬዎቹ ግን አይለቁም። በወላይትኛ የሚጮኸውን የዋጋ ክርክር እየሰማች፣ ፊት ለፊት እያየች ዞረች። አንዴ ዞራ አጣችው። ሁለተኛ ስትዞር አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው የወይፈን ገመድ ይዞ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ሲሳሳቅ አየች። ሳቁን ነው ያወቀችው፤ የአባቱ ሳቅ ነው።

አሥር እርምጃ ሲቀራት ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ገመዱን ለአንደኛው ገበሬ አቀብሎ ከከብቶቹ ጀርባ ተሰወረ።

«ሚልክያስ!»

ወዲያው የሞተር ድምፅ ሰማች። ቀዩ ጃኬት በአጥሩ ክፍት በኩል ወጥቶ ወደ ላይኛው መንገድ ሲታጠፍ አየችው። እግሯ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። አንድ ደቂቃ ያህል ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ቀኑ ይህ ብቻ ነው። ነገ ብትመጣ ውሉ ለስድስት ወር ታድሷል።

በአጥሩ በር ላይ ሞተረኞች ተራ ይዘው ቆመዋል። ወደ መጀመሪያው ሄደች። ጦና የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው።

«አሁን በቀይ ጃኬት የወጣውን ሰው አየኸው?»

«ሚልክያስን? አዎ።»

«ተከተለው።»

ጦና ከፀጉሯ ሽበት እስከ ጫማዋ ጭቃ ድረስ አያት። «ማዘር፣ ሞተር ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ አጥብቀው ይያዙኝ።»

ዣንጥላዋን አጥፋ፣ ማኅደሩን በነጠላዋ ደረቷ ላይ አስራ ወጣች። ቀዩን ጃኬት ከከተማው መውጫ ላይ እንደ ነጥብ አዩት፤ ከዚያ በእንሰትና በሙዝ አጥር መካከል ገብቶ ጠፋ። ጦና አልተጨነቀም። «የአማቱ ቤት ነው የሚሄደው፤ ሌላ የት ይሄዳል» አለ። አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ዓመለወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። እጇ የጦናን ወገብ አልለቀቀም። የምታስበው ስለ ራሷ መውደቅ አልነበረም፤ ደብዳቤው እንዳይርስ ነበር።

ግቢው በእንሰት የተከበበ የቆርቆሮ ቤት ነው። አንዲት አረጋዊት ሴት በሩ ላይ ቆመዋል። ዓመለወርቅ «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸውና በወላይትኛ ሚልክያስን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

«እዚህ የለም» አሉ አማቱ። ፊታቸውን ግን አዞሩ።

ዓመለወርቅ በጣሪያው ክፈፍ ሥር የቆመውን ሞተር አየች። ዝናቡ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንፋሎት ያወጣል።

«ሞተሩ ገና አልበረደም እኮ» አለች በቀስታ። «ልጣላ አልመጣሁም። አንድ ወረቀት ልሰጠው ነው። ካልወጣ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ እስኪመሽም ቢሆን።»

 ሴትዮዋ በርጩማ አምጥተው ከክፈፉ ሥር አስቀመጡላትና ወደ ውስጥ ገቡ። ዓመለወርቅ ተቀመጠች። ጦና ሞተሩን አቁሞ ግንድ ተደግፎ ቆመ። ከውስጥ ዝቅ ያለ ንግግር ይሰማል፤ የሴትዮዋ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የሰውዬው ዝቅ ይላል። እንዲህ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ዝናቡ ጋብ ሲል በሩ ተከፈተ።

ሚልክያስ ከስቷል። «እትዬ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ።

«መጀመሪያ ይሄን አንብብ።»

ቆሞ አነበበ። ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰላት። «ውሉን ያፈርሳሉ ማለት ነው?»

«አፍርሻለሁ። ብትፈርምም ባትፈርምም ዛሬ፣ በግንቦት አምስት፣ በሰው ፊት ደርሶሃል። እምቢ ካልክ እምቢ ማለትህን ምስክር ይፈርምበታል። ይሄ አለቀ። ካርታዬስ?»

ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረ።

«ሸጠኸዋል?»

«ኧረ እትዬ!»

«አስይዘህ ተበድረህበታል?»

«በእናቴ እምላለሁ፣ እንደዚህ አላደረግኩም።»

«ታዲያ የት ነው?»

ሚልክያስ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደና ቁጢጥ አለ። «ጠፋ» አለ።  «ያን ቀን ለባንኩ ሰውዬ ላሳየው ወደዚህ ስመጣ፣ ከሞተሩ ኋላ በላስቲክ አስሬው ነበር። ስደርስ ላስቲኩ ብቻ ነው ያለው። ተመልሼ መንገዱን በእግሬ ሄድኩ። ሦስት ቀን ፈለግኩ፤ በየቤቱ ጠየቅኩ። ሰውዬውም ካርታ የለም ሲባል ተወው።»

ዓመለወርቅ በመጀመሪያ የተሰማት ነገር እፎይታ ነበር፤ ቤቷ አልተሸጠም። እፎይታው ግን አልቆየም። ከእግሯ ጀምሮ የሚወጣ ቁጣ ደረቷ ላይ ሲደርስ ከበርጩማው ተነሳች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍህ ነዋ! ሰው ዕቃ ይጠፋበታል። በማግስቱ ብትነግረኝ እስከ ዛሬ ምትክ ወጥቶ ነበር። አምስት ወር ሙሉ! እህቴ ከአልጋ የሚያነሳት አጥታ እስኪነጋ የምትጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ታውቃለህ? በየሳምንቱ ‹ሊሸጥ ነው፣ ትንሽ ታገሺ› እላታለሁ። እኔን ብቻ አይደለም የዋሸኸው፤ እሷንም በእኔ አፍ ነው የዋሸሃት።»

«ካርታው ጠፋ ብዬ ከምነግርዎት እኔ ራሴ ብጠፋ ቀለለኝ» አለ። «ስልኩ በጠራ ቁጥር የእርስዎን ስም አያለሁ።  ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።»

እውነቱን እንደሆነ አወቀች። ያም ሆኖ አላዘነችለትም። ማኅደሩን ከፍታ ባዶውን ወረቀት አወጣች፣ በርጩማው ላይ አስደግፋ በእጇ ጻፈች፤ እኔ ሚልክያስ ጩማ፣ የወይዘሮ ዓመለወርቅን ዋና የይዞታ ካርታ በታኅሣሥ ወር ተቀብዬ ከሶዶ ወደ በዴሳ ስጓዝ መንገድ ላይ የጠፋብኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

«ማቋረጫውን እፈርማለሁ» አለ አንብቦ። «ይሄኛውን ግን አልፈርምም። ፖሊስ ጋ ሲደርስ ማን ምን እንደሚለኝ አላውቅም። እትዬ፣ ቤት ውስጥ ጠፋብኝ ብለው ያመልክቱ። ምን ችግር አለው? ምትኩ ያው ነው። ፎርሙን እኔ አመጣልዎታለሁ፣ አስጨርስልዎታለሁ።»

«ነገ ካርታው በሰው እጅ ቢገኝስ? ቤቴ ውስጥ ጠፋ ብዬ የፈረምኩት እኔ ልሆን?»

«አይገኝም።»

«ይገኛልም አይገኝምም የምትለኝ ማን ሆነህ ነው?»

ተፋጠጡ። ጦና ጉሮሮውን ጠረገ። ሚልክያስ ተነስቶ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ዓመለወርቅ ከገባ እንደማይወጣ ተሰማት። አባቱን ልታነሳበት አፏን ስትከፍት ቀደማት፤ «አባቴን ብቻ እንዳያነሱብኝ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አላነሳሁም» አለች። አፏንም ዘጋች።

የጨረሱት አማቱ ናቸው። ከበሩ ውስጥ ቆመው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር። አማርኛው ሁሉ ባይገባቸውም የገባቸው በቅቷቸዋል። በወላይትኛ «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብለው ጠየቁት። «እውነት ነው» አለ። «እንግዲያ ምንድን ነው የምታስበው? ከጥር ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጓሮ የምትገባው በዚህ ነው? ልጄ ባሌ ምን ሆነብኝ እያለች ከስታ አለቀች። ፈርም።»

 ሚልክያስ እስክሪብቶውን ተቀበለና ሁሉንም ፈረመ፤ ሦስቱን ማቋረጫና የእጅ ጽሑፉን። ጦና በምስክርነት ስሙን በትልልቅ ፊደል ጻፈ። አማቱ ጣታቸው ላይ በእስክሪብቶ ቀለም ተቀብተው አሻራቸውን አኖሩ። ዓመለወርቅ አንዱን ቅጂ ለሚልክያስ ሰጠችው።

«ነገ በሦስት ሰዓት ሶዶ ፖሊስ ጣቢያ» አለችው። «ራስህ ቃልህን ትሰጣለህ።»

«እመጣለሁ።»

አማቱ የተቀቀለ ትኩስ ቦዬ በዳጣ በርበሬ አቅርበውላት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም፤ ግን አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የወረደላት።

በማግስቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። እንደገና ልትደውልለት ስልኳን አወጣችና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ልትለምነው አልፈለገችም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ፖሊሶቹ ለምሳ ሊወጡ ሲዘጋጁ፣ ቀዩ ጃኬት በአጥሩ ጥግ ብቅ አለ። ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ እንደተመለሰ በኋላ ነገራት። ቃሉን ሰጠ። መርማሪው ገሠጸው፣ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። የፈራው እስር አልመጣም።

ያን ዕለት ማታ ለፈሪድና ለሰልሳቢል ሁሉንም እንደሆነው ነገረቻቸው። ካርታው እንደጠፋ ስትናገር ፈሪድ ሚስቱን አየ። «በአርባ ምንጭ መውጫ ያለውን ልትይዙ ትችላላችሁ፤ አልቀየምም» አለቻቸው። ተማክረው በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ሰልሳቢል ናት የተናገረችው፦ «ሳንጠይቅዎ እውነቱን ነገሩን። እንጠብቃለን።» የኪራይ ቤታቸውን ለቀው በዓመለወርቅ ግቢ ኋላ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ገቡ።

ምትክ ካርታ እንዲሰጣት ስታመለክት ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ፤ ተቃዋሚ ካለ በተወሰነው ቀን ውስጥ ይቅረብ የሚል። እነዚያን ቀናት ዓመለወርቅ እንደ በሽተኛ ነው የቆጠረቻቸው። አንድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ተደውሎ «ስለ ካርታዎ በአስቸኳይ ይምጡ» ስትባል፣ አንድ ሰው ዋናውን ይዞ ቀርቧል ብላ ባጃጅ ውስጥ ሙሉ መንገድ አለቀሰች። የተጠራችው ፎቶግራፍ ስለጎደለ ነበር። ዋናው ካርታ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምትኩ በሐምሌ መጨረሻ ወጣ፤ ሽያጩም በነሐሴ ተፈጸመ።

ሚልክያስ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ መጥቷል። ዕቃዋ አይሱዙ ላይ በሚጫንበት ቀን ሳይጠራ ደርሶ ቁምሳጥኑን ተሸከመ፣ አልጋውን ፈታ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ «ይቅር ብለውኛል እትዬ?» አላት።

ዓመለወርቅ አሰበችበት። «ገና ነኝ» አለችው። «ግን ውሃ ጠጣ።»

አሁን ዲምቱ ናት። ቤቱ ጣሪያ ለብሷል፤ ክረምቱ ከባድ ስለነበር ግድግዳው ዘግይቷል። ሁለቱ እህትማማቾች በአሮጌው ክፍል ተጣበው ይኖራሉ፣ በየቀኑም ይጨቃጨቃሉ። ትላንት ስለ መስኮቱ ነበር፤ ፀደንያ ከአልጋዋ ሆና የትምህርት ቤቱን መንገድ ካላየች ቤቱን እንደማትገባበት ተናገረች፣ አናጢው ደግሞ ቦታውን አስቀድሞ ለክቶ ጨርሶ ነበር። ዓመለወርቅ «እንግዲህ ያፍርሰዋ» ብላ ራሷ ሄዳ፣ አናጢውን ከምሳው አስነስታ፣ አዲሱን ልክ በኖራ ምልክት አደረገችለት።